ከደሴ ላሊበላ በእግር፦ ለመንገደኛና ለእግዜር እንግዳ የሚሆን መመሪያ

ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ በእግር መሄድ መኪና ባልነበረበት ዘመን የተጀመረ፣ መኪና ከመጣም በኋላ ያልቀረ ልማድ ነው። ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከሸዋ ለዚሁ የሚነሱ ምእመናን አሉ፤ አብዛኞቹም መንገዱን ከወላጆቻቸው የተማሩ ገበሬዎች በመሆናቸው የተጻፈ መመሪያ አያሻቸውም። ይህ ጽሑፍ የታሰበው ከተማ ላደገ ወይም ለበዓሉ ከውጭ አገር ለሚመጣ፣ አገሩንም በእግሩ እየረገጠ ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው። የመረጥኩት መንገድ ከደሴ ተነስቶ በኩታበር፣ በበሽሎ፣ በደላንታ፣ በዥጣ፣ በዋድላና በጋሸና አድርጎ ላሊበላ የሚገባውን ነው። ርዝመቱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ረጅም መንገድ ያልለመደ ሰው 12 ቀን ያህል ቢመድብለት ሳይጣደፍ ይደርሳል። ሆቴል የሚገኘው በጥቂት ከተሞች ብቻ ስለሆነ፣ ተጓዡ አብዛኛውን ሌሊት የሚያሳልፈው በማያውቀው ሰው ቤት ነው። ስለዚህ ጫማና ስንቅ ከማዘጋጀት ይልቅ የሚከብደው፣ ይበልጥም መታሰብ ያለበት፣ እንግዳ የመሆን ሥርዓት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሰላሙን ነገር ማጣራት ያስፈልጋል። ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ወደዚህ አገር ከገባ ወዲህ፣ በኋላም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ከተነሳ ጀምሮ፣ ሕዝቡ ብዙ መከራ አይቷል፤ መንገዱም ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። ለመነሳት ያሰበ ሰው በዚያው ሳምንት ደሴ፣ ወገልጤናና ላሊበላ ያሉ ሰዎችን በስልክ ጠይቆ ከሦስቱም ቦታ ሰላም መሆኑን ካልሰማ ጉዞውን ለከርሞ ማቆየት አለበት። ይህ ለራሱ ደኅንነት ብቻ ተብሎ የሚደረግ ጥንቃቄ አይደለም። ግጭት ባለበት ጊዜ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ማሳደር ባለቤቱን ከአንዱም ከሌላውም ወገን ሊያስጠይቀው ይችላል፤ ባለቤቱ ግን የመሸበትን ሰው ከደጅ መመለስ ነውር ስለሚሆንበት እየፈራም ቢሆን ያስገባዋል። ደግ ሰውን እንዲህ ባለ ጭንቀት ውስጥ መክተት አይገባም። አገር ሰላም በሆነበት ጊዜም ቢሆን መታወቂያ ከኪስ አይለይ፤ ከተቻለ ከሚኖሩበት ቀበሌ ወይም ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ለጉዞው የሚሆን ደብዳቤ ማጻፍ ይጠቅማል። ገጠር ቀበሌ ሲደርሱም ለሊቀመንበሩ ወይም ለሚሊሻው ራስን ማስተዋወቅ የአገሩ ወግ ነው፤ እንግዳውንም አሳዳሪውንም ከጥርጣሬ ያድናል።

የጉዞው ወር ታኅሣሥ ነው። ልደት በአብዛኛው ዓመት ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ ዘመነ ዮሐንስ በሚሆንበት ዓመት ግን 28 ላይ ስለሚውል ቀኑን ከመቁጠር በፊት ዘመኑ የማን እንደሆነ ማየት ያሻል። በዚህ ወር ዝናብ የለም፤ ወንዞች ጎድለዋል፤ ጭቃውም ደርቋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ስለሆነ በየቤቱ እህል አለ። በነሐሴ፣ ጎተራው በተሟጠጠበት ወቅት፣ እንግዳ ሆኖ መሄድና በታኅሣሥ መሄድ ለአሳዳሪው እኩል አይደለም። የታኅሣሥ ችግሩ ብርዱ ነው። በደላንታና በዋድላ ሜዳ ላይ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ቀን ላይ ያው ሜዳ ፀሐይ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ወፍራም ጋቢ፣ ሹራብና ኮፍያ የግድ ናቸው።

ጫማው ቢያንስ አንድ ወር የተለማመዱበት ይሁን። አዲስ ጫማ ገዝቶ የሚነሳ ሰው ኩታበር ሳይደርስ ተረከዙ ይቆስላል። የአገሩ ሰው በኮንጎ ጫማ ያን ሁሉ ገደል ሲወርድና ሲወጣ አይቶ እሱን ለመምሰል መሞከርም አይገባም፤ ያ እግር ከልጅነቱ የጠነከረ ነው። ለስንቅ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይበቃሉ። ዳቦ ቆሎው ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የተሠራ ይሁን፤ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ከሰው ጋር ተካፍለው የሚበሉት ያኔ ነው። ሁለት ሊትር ውሃ የሚይዝ ኮዳ፣ ውሃ ለማከም ውኃ አጋር፣ የእጅ ባትሪ፣ የቁስል ፋሻ፣ ቀለል ያለ አንሶላና አንድ ጠንካራ ዱላ ከተጨመሩ ሸክሙ ሞላ። ከ10 ኪሎ በላይ የተሸከመ ሰው በበሽሎ ዳገት ላይ ይጸጸታል።

መንገዱን ከባድ የሚያደርጉት ሁለት ገደሎች ናቸው። ከኩታበር በኋላ በሽሎ፣ ከደላንታ በኋላ ደግሞ ዥጣ አለ። ሁለቱም ከደጋው ሜዳ ወደ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል አስወርደው ያንኑ ያህል መልሰው ያስወጣሉ። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ ሴባስቶፖልን ያሳለፉት በእነዚሁ ገደሎች ነው፤ መንገዱንም ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እያነሱ አስጠርገውታል። በዚያው ዓመት ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ሳይቀር በዥጣ ላይ ያንኑ መንገድ ተጠቅሟል። ቀኑ ከጠራ መቅደላ ከደላንታ ደቡባዊ ጠርዝ ላይ ሆኖ ይታያል፤ ለዚያ እይታ ግማሽ ቀን መስጠት አይቆጭም።

ገደሉን ለመሻገር የአገሩ ሰው የሚከተለው ሥርዓት አለ። ማታ ከገደሉ አፋፍ ባለ መንደር ያድራል፤ ገና ሳይነጋጋ መውረድ ይጀምራል፤ ፀሐይ ሳትከር ወንዙ ዳር ይደርሳል፤ ጥላ ቦታ ጥቂት አርፎ ዳገቱን በእርጋታ ተያይዞ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ከማዶው አፋፍ ይወጣል። ወንዙ ዳር ማደር አይመከርም፤ ቆላ ስለሆነ ይሞቃል፤ የወባ ትንኝም አለ። በአንድ ቀን አንድ ገደል ይበቃል። በሜዳው ላይ ግን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር መሄድ ይቻላል። አቋራጭ መንገዶች ብዙ ናቸው፤ መኪናው መንገድ ጠምዝዞ የሚዞረውን እግረኛ በቀጥታ ይቆርጠዋል። በአቋራጭ የሚሄድ ሰው መንገድ ሲጠይቅ «ሩቅ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበጀውም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ቅርብ ነው፣ እዚያ ማዶ» ይሆናል፤ የእነሱ ቅርብ ግን ለከተሜ የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። «ፀሐይ የት ስትደርስ እደርሳለሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የተሻለ መልስ ያገኛል፤ ሽማግሌው ቀና ብሎ በእጁ ሰማይ ላይ ያሳየዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ማደሪያ መፈለግ የሚጀመረው ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ነው። በጨለማ የሚመጣ ሰው ያስፈራል፤ ውሻውም አይተኛለትም፤ የቤቱ እመቤትም እሳቷን አጥፍታ እንደገና እንድታነድ ያስገድዳታል። ቤት ሲመረጥ ደህና የሚመስለውን ብቻ ከማየት ይልቅ፣ መንደሩ መግቢያ ላይ ያገኙትን ሰው ሰላም ብሎ «እንግዳ የሚያሳድር ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ብዙ ጊዜ የሚጠቁሙት የመምሬን ቤት፣ የቀበሌውን ሽማግሌ ወይም ዘመድ የበዛበትን ቤት ነው። ከአጥር ውጭ ርቀት ላይ ቆሞ «ቤቶች! ኧረ ቤቶች!» እያሉ መጣራት እንጂ ዘልቆ መግባት አይገባም። ዱላ ውሻን ለመከልከል ነው፤ ባለቤቱ እያየ ውሻውን የመታ ሰው ቤቱን እንደመታ ይቆጠርበታል። ባለቤቱ ሲወጣ ስም፣ የመጡበት አገርና የሚሄዱበት ቦታ በአንድ ትንፋሽ ይነገራል፦ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ የመጣሁት ከደሴ ነው፤ ለልደት ላሊበላ ልሳለም ነው፤ ለዛሬ ብቻ አሳድሩኝ።» መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ» የሚል ነው። ባለቤቱ ከሌለና ሴትዮዋ ብቻዋን ከሆነች ግን እሷ ግባ ብትልም እንኳ ደጅ መቆየት፣ ወይም ሌላ ቤት እንድትጠቁም መጠየቅ ጨዋነት ነው። የታመመ ወይም የሞተበት ሰው ያለበት ቤት ከሆነም አጽናንቶ ማለፍ ይገባል።

ከገቡ በኋላ በር አካባቢ ይቀመጣሉ፤ «ከፍ በል፣ ወደ ላይ» እስኪሉ ድረስ መደቡ ላይ አይወጣም። ጥቂት ቆይቶ የቤቱ ልጅ ለብ ያለ ውሃና ሳፋ ይዞ ይመጣል፤ ተንበርክኮ ጫማ ያስወልቃል፤ ከጣቶቹ መካከል ያለውን አቧራ ሳይቀር በእጁ እያሸ ያጥባል፤ ሲጨርስም ጎንበስ ብሎ እግር ይስማል። ከተማ ያደገ ሰው በዚህ ጊዜ ይደነግጣል፤ እግሩንም ይሰበስባል። አንድ ጊዜ «ተው፣ ይቅር» ማለት ወግ ነው፤ አጥብቆ መከልከል ግን የቤቱን ክብር መንካት ነው፤ ልጁም አባቱ ፊት ያፍራል። እግርን ሰጥቶ፣ ሲያበቃም «እደግ፣ ተመንደግ፣ ለአባት ለእናትህ ያድርግህ» ብሎ መመረቅ ይገባል። ምርቃቱን ከአንጀት በሆነ ድምፅ መናገር ያስፈልጋል፤ በዚህ አገር እንግዳ ለቤቱ የሚሰጠው የመጀመሪያው ነገር ምርቃት ነውና ቤተሰቡ ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ ይሰማዋል።

ጾም ስለሆነ የሚቀርበው ሽሮ፣ የባቄላ ወይም የምስር ወጥ፣ ንፍሮና ቆሎ ነው፤ በደጋው የገብስ እንጀራም ይገኛል። ጠላ ከተቀዳ ቀጂዋ መጀመሪያ ከመዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ከዚያ በኋላ ተቀብሎ ትንሽም ቢሆን መጎንጨት ያስፈልጋል። የማይጠጣ ሰው ገና ሲቀርብለት በግልጽ ይናገር፤ ተቀብሎ ማስቀመጥ ግን አይወደድም። «ብላልኝ፣ በሞቴ» እየተባለ ይጎረሳል፤ መጀመሪያ የቀረበውን ጉርሻ ዕምቢ ማለት ከባድ ቅሬታ ያመጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን እንግዳው ልብ ማለት ያለበት አንድ ነገር አለ። በብዙ ቤት ልጆች የሚበሉት ትልልቆቹና እንግዳው ከበሉ በኋላ ነው፤ ከእንግዳው ፊት የተረፈው ነው የእነሱ ድርሻ። ስለዚህ የቀረበውን ጠራርጎ መብላት ምግቡን መውደድ ቢመስልም የልጅ ራት ሊያጎድል ይችላል። በልኩ በልቶ፣ ምስጋናውን አብዝቶ፣ ዳር ዳሩን አስተካክሎ ማስቀረት ይሻላል። የራስን ስንቅ ጥግ ይዞ ለብቻ መብላት ግን ትልቅ ስድብ ነው። ከበሶውም ከዳቦ ቆሎውም ከፍሎ «ከመንገድ ስንቄ ነው፣ አብረን እንቅመስ» ብሎ ለቤቱ እመቤት መስጠት ተገቢ ነው።

ስለ ገንዘብ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ለአሳዳሪ በእጁ ብር መስጠት፣ በተለይ ማታ፣ ነገሩን ሁሉ ያበላሸዋል፤ ቤቱን ማደሪያ ቤት ያደርገዋልና። ከደሴ ሲነሱ ጥሬ ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙናና ክብሪት ገዝቶ በትንንሽ ጥቅል ማዘጋጀት ይሻላል፤ ክብደቱም በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ደብተርና እስክሪብቶም ተማሪ ባለበት ቤት ሁሉ ይፈለጋሉ። ቡናው ማታውኑ ቢሰጥ መልካም ነው፤ ወዲያው ይቆላል፤ ጎረቤት ይጠራል። ጎረቤት መጣ ማለት ደግሞ ወሬ መጣ ማለት ነው። ከበረካው በፊት እንግዳው ስለ ደሴ ገበያ፣ ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ መንገዱ ሰላም ይጠየቃል። ይህን ጥያቄ በጥሞናና በእውነት መመለስ ያስፈልጋል፤ የእህል ዋጋ ለነሱ የነገ ኑሮ ነው። ያላዩትን ነገር እንዳዩ አድርጎ ማውራት፣ በተለይም ስለ ጦርነትና ስለ ፖለቲካ በማያውቁት ቤት መከራከር፣ ፈጽሞ አይገባም። ቀሪው ስጦታ ጠዋት ሲወጡ ለልጆቹ ይሰጣል።

መኝታው መደብ ላይ፣ በቁርበት ወይም በጀንዲ ላይ ነው። ባለቤቱ የራሱን መኝታ ለቆ መሬት ሊተኛ ይችላል፤ ይህንንም አንድ ጊዜ ተከላክሎ መቀበል ነው። ቁንጫ አለ፤ ቀለል ያለውን አንሶላ ከጋቢው ሥር መጠቅለል ያግዛል፤ ሰው እያየ መድኃኒት መርጨት ግን ያስከፋል። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ የቤቱን የፀሐይ መብራት መጠየቅ አይበጅም፤ ያ መብራት ለተማሪው ልጅ ነው። ፎቶ የሚነሳው ከተፈቀደ ብቻ ነው፤ ያም ጠዋት፣ ቤተሰቡ ልብሱን ካስተካከለ በኋላ ቢሆን ይወዱታል።

ወሎ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም አገር ስለሆነ፣ በተለይ በኩታበር በኩል፣ የሚያሳድረው ቤት የሙስሊም ሊሆን ይችላል። ሰላምታውን በራሳቸው ወግ መቀበል፣ ሽማግሌውን «ሼህ» ወይም «ሐጂ» በሚባሉበት ስም መጥራት፣ በስግደት ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ በቂ ነው። ስለ ጾሙ መናገር እንኳ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ላሊበላ እንደሚሄድ የሰሙት ሰው ጿሚ መሆኑን ያውቃሉ፤ እመቤቲቱ በዘይት የተሠራ ወጥ ታቀርባለች። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ምርቃቶች ሁሉ ረጅሙ እንዲህ ባለ ቤት፣ ቡና ላይ፣ ለክርስቲያን ተሳላሚ የተደረገ ዱዓ ነበር።

ሴቶች ብቻቸውን ከሚሄዱ ይልቅ ከተሳላሚ ማኅበር ጋር ቢቀላቀሉ ይሻላል። ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ በዋድላና በጋሸና መንገድ ላይ ነጠላ የለበሱ እናቶች በቡድን ሲሄዱ ይገኛሉ፤ ሰላም ብሎ «እናቶቼ፣ አብሬያችሁ ልሂድ?» ያለቻቸውን ልጅ ከመካከላቸው አስገብተው ያስኬዷታል፤ ማደሪያውንም እነሱ ይነጋገሩላታል። በአንድ ቤት ግን ከሦስት ሰው በላይ ማደር ከባድ ነው። ቡድኑ ከበዛ ለየቤቱ መከፋፈል ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ለማደር ካህኑን ማስፈቀድ ይገባል።

ሌሊቱ አንድ ብቻ ነው፤ ካልታመሙ በስተቀር በአንድ ቤት ሁለተኛ ሌሊት አይደገምም። ጠዋት ሳይሰናበቱ ሹልክ ብሎ መውጣት ጥርጣሬ ያመጣል። «እህል ውሃ አያሳጣችሁ፣ ክፉ አይንካችሁ» ተብሎ ተመርቆ ሲወጣ ባለቤቱ ይሸኛል፤ እስከ መታጠፊያው አብሮ ይሄዳል። ጉዞውን በሙሉ የሚያቃናው ነገር የሚገኘው በዚህች ሽኝት ላይ ነው። ባለቤቱ ማዶውን በዱላው እያሳየ ቀጣዩን መንደር ይነግራል፤ ቀጥሎም «እዚያ እህቴ አግብታ አለች፤ ወንድምሽ ልኮኝ ነው በላት» ይላል፤ ወይም የአበልጁን፣ የጓደኛውን ስም ይሰጣል። ስሙን ወዲያው በማስታወሻ መጻፍ፣ የላከውንም ሰላምታ ቃል በቃል ማድረስ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ እንግዳው ባዶ እጁን የመጣ መንገደኛ መሆኑ ይቀራል፤ የወንድምን ድምፅ ለእህት ያመጣ ሰው ይሆናል። ሰላምታ ተቀብሎ ሰላምታ እያደረሰ ከሄደ፣ ከኩታበር እስከ ጋሸና ድረስ ቤት መፈለግ ሳያስፈልገው የሚያልፍባቸው ቀናት ይበዛሉ። ይህን ዕድል የሚያጣው መኪናው መንገድ ላይ ብቻ የሚሄድና በየከተማው የሚያድር ሰው ነው።

ወገልጤና፣ ኮንና ጋሸና ሲደርሱ በሆቴል አንድ ቀን ማረፍ፣ ልብስ ማጠብ፣ የእግርን ቁስል ማከም ጥሩ ነው። ወገልጤና በኦፓል ማዕድኗ የታወቀች ስለሆነች ድንጋይ እናሳይህ የሚሉ ወጣቶች አይጠፉም፤ ሸክም ላለመጨመር ብቻ ሳይሆን ስለ ዋጋውም የማያውቅ ሰው ባይገዛ ይመረጣል። ጋሸና ከወረታ ወልዲያ የሚሄደው ዋና መንገድ ላይ ናት፤ ከዚያ እስከ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ይቀራል፤ ለሦስት ቀን ከፋፍሎ መሄድ ይቻላል። ከዚህ በኋላ መንገዱ በተሳላሚ ይሞላል። ላሊበላ ከመግባት በፊት ባለው የመጨረሻ ቀን ነአኵቶ ለአብን መሳለም ይገባል፤ በዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበው ጠበል በድንጋይ ገንዳ ተጠራቅሞ ይገኛል።

ላሊበላ ሲደርሱ የከተማው ሰዎች መንገድ ዳር ውሃና ሳፋ ይዘው የተሳላሚውን እግር ያጥባሉ፤ በዚህም ጊዜ ምርቃቱ አይረሳ። በበዓሉ ሰሞን አልጋ ስለማይገኝና ዋጋው ስለሚወደድ፣ አብዛኛው እግረኛ የሚያድረው ደጅ ላይ በድንኳንና በጋቢ ነው። በልደት ጠዋት በቤተ ማርያም የሚደረገውን የቤዛ ኩሉ ሥርዓት በቅርብ ለማየት የፈለገ ሰው ከሌሊቱ ጀምሮ ቦታ መያዝ አለበት፤ ግፊያው ከባድ ስለሆነ ሕፃን ይዞ ወደ ጠርዙ መጠጋት አይገባም።

ለመመለስ ከላሊበላ በጋሸና አድርጎ በመኪና መሄድ ይቻላል፤ ከበዓሉ ማግስት መኪናው ስለሚጨናነቅ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ መነሳት ይቀላል። በእግሩ የሚመለስ ሰው ጾሙ ስለተፈታ አሳዳሪዎቹ ወተትና ሥጋ እንደሚያቀርቡለት ይጠብቅ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሌላውን እርድ እንደማይበላ ስለሚያውቁ በዚህ ጉዳይ የሚያስገድድ የለም። በመኪና የተመለሰ ሰው ደግሞ ያደረባቸውን ቤቶች በስልክ ደውሎ በሰላም መግባቱን ያሳውቅ። ስልክ የሌላቸው ካሉም በደሴ ገበያ ቀን ከደላንታ የሚመጣ ሰው ፈልጎ ሰላምታውንና ከቤተ ክርስቲያን ያገኘውን ጠበልና እምነት ከፍሎ ይላክላቸው።